ለጀማሪ የቱ ቦርድ ይሻላል፦ ኢኤስፒ32 ወይስ አርዱዪኖ ኡኖ?

ኤሌክትሮኒክስ መነካካት የጀመረ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱን ቦርድ ልግዛ?» ብሎ ነው። ቦርድ ማለት ፕሮግራም ተጭኖበት ሴንሰርና ሌላ ዕቃ የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ኢኤስፒ32 ግዙ። ኦሪጅናሉ አርዱዪኖ ኡኖ አር3 ከ25 ዶላር በላይ ያስወጣል፤ የኢኤስፒ32 ቦርድ ግን ከ5 እስከ 10 ዶላር ይገኛል፣ ዋይፋይና ብሉቱዙም አብሮት ነው። በአንድ ኡኖ ዋጋ ሁለት ገዝታችሁ ለሴንሰር ይተርፋችኋል። ሁለት መግዛቱ ቅንጦት አይደለም፤ ጀማሪ አንዱን ማቃጠሉ አይቀርም። ስትገዙ ብቻ ጽሑፉን አንብቡ፤ «ኤስ2» የሚል ካለበት ብሉቱዝ የለውም።

ቦርዱን የሚገድለው 5 ቮልት ነው። የሮቶው ውሃ ምን ያህል እንደቀረ በስልክ ለማየት ውሃ የማያስገባውን፣ በድምፅ ርቀት የሚለካውን ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ሴንሰር ገጠማችሁ እንበል። ሴንሰሩ በ5 ቮልት ሲሠራ ኤኮ የሚባለው ፒኑም (መልሱን የሚሰጥበት እግር) 5 ቮልት ያወጣል፤ የኢኤስፒ32 ፒን ደግሞ የሚችለው 3.3 ቮልት ነው። ስለዚህ ቮልቱ እንዲወርድ ከኤኮ ወደ ቦርዱ ፒን 1 ኪሎ ኦም፣ ከዚያው ፒን ወደ ግራውንድ (ወደ ኔጋቲቩ) 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቡ። ባለ 2 ኪሎው ከጠፋ ሁለት ባለ 1 ኪሎ ቀጣጥሉ። ሴንሰሩን ሮቶው ሞልቶ ውሃው ከሚደርስበት ቢያንስ 25 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት፤ ከዚያ የቀረበውን በትክክል አይለካም።

ፕሮግራም ስትጭኑ «ኮኔክቲንግ» ብሎ ነጥብ ብቻ ከደረደረ፣ መጻፍ እስኪጀምር «ቡት» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። ሁልጊዜ ካስቸገረ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር «ኢኤን» በሚለው ፒን እና በግራውንድ መካከል አድርጉ፤ ኔጋቲቭ እግሩ ወደ ግራውንድ ነው። ኮምፒውተሩ ቦርዱን ጭራሽ ካላየው መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ዳታ አያሳልፍም። ዋይፋይ ሲከፈት እየጠፋ ከተነሳ ደግሞ ቦርዱን አትጣሉት፤ ቀጭን ገመድ በዚያች ቅጽበት የሚፈልገውን ኃይል አያደርስለትም። ዋይፋይ በርቶ አናሎግ (ከፍ ዝቅ የሚል ቮልት) ማንበብ የምትፈልጉ ከ32 እስከ 35 ያሉትን ፒኖች ተጠቀሙ፤ እነ 25ና 26 ያኔ አያነቡም። ፒን 12ን ለጊዜው እርሱት፤ ሲነሳ ቮልት ካገኘ ቦርዱ አልነሳም ይላል።

ኡኖ የሚያዋጣው ልጆች ለሚማሩበት ክፍል ነው፤ በ5 ቮልት ስለሚሠራ ብዙ ስህተት ይችላል። ኮፒውንም ብትገዙ ችግር የለም፣ ንድፉ ለሁሉም ክፍት ነው። ነገር ግን ትንሿ አራት ማዕዘን ቺፕ የተበየደችበትን ተዉት፤ ቺፑ ከተቃጠለ ቦርዱ አብሮ ያልቃል። ረጅሙ ባለ 28 እግር ቺፕ ሶኬት ላይ የተሰካበትን ምረጡ። መለወጫ ቺፕ ስትገዙ ቡትሎደር (በዩኤስቢ የሚላከውን የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም) የተጫነበት መሆኑን ጠይቁ፤ ባዶው በዩኤስቢ ፕሮግራም አይቀበልም። አሮጌውን በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ ከሁለቱም ጫፍ በየተራ ቀስ እያላችሁ አንሱት፤ አዲሱን ስትሰኩ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ቁርጥ ሶኬቱ ላይ ካለው ጋር ይግጠም።