ባለ ሽቦው ዲጂታል ቴርሞሜትር፦ ለቲማቲም አምራች ምን ይጠቅማል?

በሰበታና በቡራዩ ዙሪያ ቲማቲም ላይ ቱታ (እጩ ቅጠልና ፍሬ ሰርስሮ የሚበላ የእሳት እራት) ሲገባ ብዙ ሰው ሳምንት እየቆጠረ ይረጫል። ተባዩ ግን ሳምንት አያውቅም፤ የሚያድገው በሙቀት ልክ ነው። የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚያቆየው ባለ ሽቦ ቴርሞሜትር ከመድኃኒቱ ቀድሞ መገዛት ያለበት ለዚህ ነው።

ጠዋት ሁለቱን ቁጥሮች ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ከዚያ 8 መቀነስ ነው፤ ከ8 ዲግሪ በታች የቱታ እድገት ይቆማል። ግሪንሃውስ ውስጥ 32 እና 10 ካነበበ አማካዩ 21፣ የቀኑ ድርሻ 13 ዲግሪ ቀን (ተባዩ በዕለቱ ለማደግ ያገኘው ሙቀት) ይሆናል፤ ይህም በየቀኑ ይደመራል። ከእንቁላል እስከ እሳት እራት በድምሩ 454 ዲግሪ ቀን ያህል ስለሚያስፈልግ 35 ቀን ይፈጃል። ደጅ 23 እና 9 ከሆነ ድርሻው 8 ነው፤ ያው ተባይ 57 ቀን ይወስድበታል። ለሁለቱ ማሳ አንድ ዓይነት የርጭት ቀን መያዝ መድኃኒት ማባከን ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ፌሮሞን ወጥመዱ (በሴቷ ሽታ ወንዱን የሚስበው) የእሳት እራት መያዝ ሲጀምር ነው። ድምሩ 100 ዲግሪ ቀን ገደማ ሲደርስ እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ ቅጠሉን ሰርስሮ ከገባ ርጭቱ በቀላሉ አያገኘውም፤ ስለዚህ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ቅጠል እየገለበጡ ማየት ያስፈልጋል።

በሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ሙቀት ወደ 4 ዲግሪ ቢወርድ፣ ሲሰላ 8 ብሎ መያዝ ይሻላል። ብርዱ እድገቱን ያቆመዋል እንጂ ወደ ኋላ አይመልሰውም።

የዕቃው ትልቁ ችግር አሰቃቀሉ ላይ ነው። ሙቀቱን የሚለካው የሽቦው ጫፍ ነው፤ ፀሐይ ካገኘው የሚያነበው የአየሩን ሳይሆን የራሱን ሙቀት ነው። ጎኑ የተበሳሳ ነጭ ፕላስቲክ ጆግ ገልብጦ ማልበስ፣ በተክሉ ጫፍ ቁመት ማንጠልጠል፣ ከግሪንሃውሱ ላስቲክም ማራቅ ይገባል። በየጠዋቱ የተመዘገበውን የሚሰርዘውን ቁልፍ ካልተጫኑት የትናንቱ ከፍተኛ ቁጥር እዚያው ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ሲገዙ የተፈጨ በረዶ ከጥቂት ውሃ ጋር ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ጫፉን መንከር ነው፤ 0 አካባቢ ማንበብ አለበት። 1 ዲግሪ ቢዛባ 35ቱ ቀን ወደ 32 ወይም ወደ 38 ይሄዳል። ያለ ሽቦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት ለቤት እንጂ ለማሳ አይሆንም።