ኮሮላዬን አትስደቡብኝ

ደላላው «ወላሂ ቤንዚን አይጠጣም፣ አሽትቶ ነው የሚሄደው» ብሎ ነው ያስገዛኝ። የሚያሸተው በበርሜል ነው እንጂ! በፈረንጅ 2001 የተሠራ፣ ባለ 1.3 ሞተር ቶዮታ ኮሮላ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል በሊትር ከ9 ኪሎ ሜትር አላልፍ ሲለኝ ከረመ። በግምት አይደለም የምናገረው፤ ታንከሩን ጢም አድርጌ እየሞላሁ፣ ትሪፕ ቆጣሪውን ዜሮ እያደረግኩ፣ ያካፈልኩት ሒሳብ ነው።

መቼም መኪና ሲታመም ሁሉም መካኒክ ነው። ካንዴላ ቀይር አሉኝ፣ ቀየርኩ። የአየር ፊልትሮ፣ ቀየርኩ። ጎማ አስነፋሁ። ፍሬን ይዞ ይሆናል ብዬ ከነዳሁ በኋላ ቸርኬዎቹን ዳሰስኩ፤ የጋለ የለም። ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «አርጅቷል፣ ሽጠው» የሚለው ምክር ግን በነጻ ይታደላል።

ለደላላው ስደውልለት ደግሞ «አብሽር ጋሼ፣ ደሴ እኮ ከፍታ ነው፣ አየር የለም» አለኝ። እሺ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩም ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ይሄ ግን የካርቡራተር ዘመን፣ ቤንዚንና አየር ያለ ኮምፒውተር ይደባለቁ የነበረበት ጊዜ ወሬ ነው። ካርቡራተር አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። የኔው ግን ኢንጀክሽን ነው፤ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ነው ቤንዚን የሚረጨው። ከፍታው የሚነሳው ጉልበት ነው። የደሴውን የጦሳ ተራራ እዚህ ነገር ውስጥ አታስገቡት።

ነገሩን ያጋለጠው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሐረጎ ነው። ቁልቁለቱን ስወርድ የሙቀት መርፌው ቀስ እያለ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይተኛል። ሲሸጥልኝ «ይኸው፣ መቼም አይግልም» ተብሎ የተፎከረበት መርፌ! ማሞቂያውም በደሴ ጠዋት የሚነፋው ለብ ያለ ነገር ነው፤ የመስታወቱን ጉም እንኳ አይገፍም።

አንድ ጠዋት ሞተሩ እንደበረደ አስነሳሁና ኮፈኑን ከፍቼ ከራዲያተሩ ግርጌ የሚወጣውን ቱቦ ያዝኩ። ጤነኛ ሞተር ላይ ያ ቱቦ፣ ውሃው 82 ዲግሪ ግድም ደርሶ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ የራዲያተሩን ውሃ የሚያግደው ቫልቭ) እስኪከፍት ድረስ ቀዝቃዛ ነው። የኔው ወዲያው ከሞተሩ እኩል ለብ ለብ ማለት ጀመረ። መካኒኩ ክዳኑን ሲፈታው ውስጡ ባዶ! ቴርሞስታት የለም። የጎማ ማኅተሙ እንኳ የለም፤ ሲሊኮን ለቅልቀው ዘግተውታል።

የቀድሞ ባለቤቶቹ ዳገት ላይ ግሎባቸው ይሆናላ። ራዲያተር ከማጠብ ቴርሞስታት ነቅሎ መጣል ይቀላል። «አገራችን ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም» ይላሉ ደግሞ። ደሴ ሞቃት! ውሃው ካልሞቀ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አሁን የተነሳ ይመስለውና ቤንዚን ያበዛል። ቀኑን ሙሉ የጠዋት ማስነሻ ቤንዚን ስከፍል ነው የከረምኩት፤ የቼክ ኢንጅን መብራትም አንድ ቀን አልበራ።

ራዲያተሩ ታጠበ፤ የወጣው ዝገት የቡና አተላ ነው የሚመስለው። ቴርሞስታት ገባ፣ የቧንቧ ውሃው ተደፍቶ ኩላንት ተሞላ። ቴርሞስታቱ በከንቱ ከቀየርኳቸው ካንዴላዎች ይረክሳል። አሁን በዚያው መንገድ በሊትር ከ11 በላይ ይሄዳል። ማሞቂያውማ ጋቢ ያስወልቃል።

በነገራችን ላይ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ብላችሁ ሐረጎን በፎሌ፣ ማርሽ አውጥታችሁ የምትወርዱ፣ ተዉ። ኢንጀክሽን ሞተር ከሞቀ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ፔዳሉን ስትለቁት ቤንዚኑን ራሱ ይቆርጣል። በፎሌ ግን ላለመጥፋት ይጠጣል፤ ፍሬናችሁም ይቃጠላል።

ስለ ሌላው ብዙ የምለው የለኝም፤ መለዋወጫው እንደልብ ነው፣ ጥሎኝም አያውቅም። ሽጠው የምትሉኝ አልሸጥም። ያረጀ መኪና ልትገዙ ከሆነ በጠዋት ሂዱ። ሻጩ «አሙቄ ልጠብቃችሁ» ካለ እምቢ በሉ፤ ራሳችሁ አስነሱትና መርፌው መሃል ላይ ወጥቶ እስኪቆም ጠብቁ። ካልወጣ፣ ራዲያተር ማሳጠቢያና ቴርሞስታት መግዣውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱት።