የኑግ ፋጉሎ መመርመሪያ ስትሪፕ ውጭ አሠራን፦ ያዋጣል ወይ?

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን ላስቀድም። ኪቱ፣ ማለትም በኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ በቀረው የኑግ ተረፈ ምርት) ውስጥ የሻጋታ መርዝ መኖሩን በመስመር የሚያሳየው ስትሪፕ፣ ይሠራል። ያሠራነው ድርጅት ሙያውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ኢሜይልም በወቅቱ ይመልሳል፣ ይኼ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ማምረቱ ላይ ግን ሁለተኛው ሎት (በአንድ ዙር የተመረተው ስትሪፕ) አናዶኛል፤ ውላቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ወደ ራሳቸው ያደላ ነው። ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ የምወቅሳቸው ነገር አለኝ፣ የምለውም በዚህ ሥራ ላይ ለተሰማራ ለየትኛውም ድርጅት ይሆናል።

የምሠራው ቸርችል ጎዳና ዳር፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለ ሕንፃ ላይ፣ የመኖና የምግብ ናሙና በምትመረምር ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ደንበኞቻችን መኖ አቀናባሪዎች፣ የፋጉሎ ነጋዴዎችና ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሆለታ የሚመጡ ወተት ሰብሳቢዎች ናቸው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በኑግ ፋጉሎ ነው። ኑጉ ሲጨመቅ ዘይቱ ወደ ድስት፣ ፋጉሎው ወደ ላም ይሄዳል። ፋጉሎው እርጥበት ይዞ ከተከማቸ ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን ቢ1 የሚባለውን መርዝ ያመነጫል። ላሟ ስትበላው ጉበቷ ወደ ኤም1 ይለውጠውና በወተት ይወጣል። በ2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ተመርምረው፣ የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው በኪሎ ከ0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ ካስቀመጠው ከ0.5 እንኳ የበለጡት 29 ናቸው። በዚያው ጥናት የኑግ ፋጉሎው በኪሎ ከ290 እስከ 397 ማይክሮግራም ቢ1 ተገኝቶበታል። አውሮፓ ለመኖ ግብዓት የሚፈቅደው 20 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅሙናል።

ታዲያ ገበያ ላይ ዝግጁ ስትሪፕ ሞልቶ ለምን ማሠራት አስፈለገ? ዝግጁዎቹ የተፈተሹት በበቆሎ፣ በስንዴና በለውዝ ነው። ኑግ ደግሞ ጥቁር ነው። የተፈጨውን ፋጉሎ በሜታኖል በጥብጣችሁ ስታጠሉት የሚወጣው ፈሳሽ ጠቆር ያለ፣ ቅባት ያለው ነገር ነው። ስትሪፑ ላይ ሲወጣ ነጩን ሜምብሬን (ፈሳሹ የሚሄድበትን ስስ ገጽ) ያጠይመዋል፤ መስመሩ ይኑር አይኑር ሁለት ቴክኒሻን ይከራከራሉ። ኤላይዛ የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ አለን፣ ጥሩም ይሠራል። ግን 96 ጉድጓድ ያለውን ሳህን ለአንድ ናሙና አትከፍቱትም፣ ናሙና እስኪጠራቀም ትጠብቃላችሁ። መመርመሪያ ኬሚካሉ (ሪኤጀንቱ) ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ መብራት ሲሄድ ልባችን አብሮ ይሄዳል። አይሱዙ ሙሉ ፋጉሎ በር ላይ አቁሞ የሚጠብቅ ነጋዴ ደግሞ «ሐሙስ ይምጡ» ሲባል ጭነቱን ይዞ ሌላ ገዢ ጋ ይሄዳል።

ስለዚህ ለኑግ ተብሎ የተሠራ፣ ከፍሪጅ ውጭ የሚቀመጥ፣ 20 ማይክሮግራም ላይ አዎ ወይም አይ የሚል ስትሪፕ ፈለግን።

ድርጅቱ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ብልህ ነገር አደረገ። አዲስ አንቲቦዲ (መርዙን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ከምንሠራ በመጋዘናችን ያለውን እንሞክርላችሁ አለን። አዲስ አንቲቦዲ ማለት አይጥ ማስከተብ፣ ሴል ማዳቀል፣ ከብዙ ሺህ ሴል ጥሩውን መልቀም ነው፤ ወራት ይበላል፣ ገንዘቡም እንደዚያው። በአፍላቶክሲን ላይ ደግሞ ጥሩ አንቲቦዲ ካለ ቆይቷል። ሌላ ድርጅት ቢሆን ከዜሮ እንጀምር ብሎ ባስከፈለን ነበር። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

ከዚያ በኋላ ግን ክርክር ተነሳ። የእነሱ ኬሚስቶች በኩራት የሚያወሩት ስለ ንቃት፣ ማለትም ስትሪፑ ምን ያህል ጥቂት መርዝ እንደሚይዝ ነው፦ 2 ማይክሮግራም እንይዛለን፣ አንድም እንይዛለን። እኛ ደግሞ ይኼ ምን ያደርግልናል አልን። የእኛ ፋጉሎ ክፉ ሲሆን መቶዎች ውስጥ ነው የሚገባው፤ የምንፈልገው 20 ላይ ሳይወላውል የሚቆርጥ ነገር ነው። ንቃቱን ትንሽ ልቀቁና በምትኩ ፈሳሹን አብዝታችሁ አቅጥኑት፤ ሲቀጥን ጥቁረቱም ቅባቱም አብሮ ይቀንሳል፣ አንቲቦዲውን የሚጎዳው ሜታኖልም ይሳሳል አልናቸው። መጀመሪያ አልጣማቸውም። ጥሩ ስፖርተኛን ዝግ ብለህ ሩጥ እንደማለት ሆነባቸው። በመጨረሻ ሞክረው ሲያዩት ሜምብሬኑ ነጣ፣ መስመሩም ጠራ። ይህን አገልግሎት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ይህንን ይሁን፦ ስለ አንቲቦዲው እነሱ ያውቃሉ፣ ስለ ፋጉሎው ግን የሚያውቁት የለም። ካልነገራችኋቸው በበቆሎ ፈትሸው አሪፍ ሪፖርት ይልኩላችኋል።

እኛ የራሳችንን ናሙና ልከናል፤ ኤችፒኤልሲ በሚባል የላቦራቶሪ መሣሪያ መጠኑ የተለካ፣ ንጹሕም የተበከለም ፋጉሎ። የተበከለ መኖ ከአገር ለማውጣት የሚጠየቀውን ወረቀት ማሟላት ከኬሚስትሪው በላይ አድክሞናል። ቢሆንም ያለ እሱ መጀመር የለባችሁም። መርዙ በፋጉሎው ውስጥ እኩል አይሰራጭም፣ አንድ ጥግ ላይ ተጠራቅሞ ሌላው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከብዙ ጆንያ ተቀንሶ፣ ሁሉም ተፈጭቶና ተደባልቆ ነው ናሙና የሚሆነው። ከላይ እፍኝ ዘግኖ የሚልክ ሰው ኪቱን ባይወቅስ ይሻላል።

አሁን ስትሪፑን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ካሴቱ የእርግዝና መመርመሪያ ይመስላል፣ ንባቡ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አፍላቶክሲን በጣም ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ሁለት አንቲቦዲ አንድ ላይ አይዙትም። ስለዚህ መስመሩ ላይ የታተመው መርዙ ራሱ ነው፣ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ። አንቲቦዲው የወርቅ ብናኝ ተሸክሞ ይመጣል። እውነተኛ ወርቅ ነው፣ ከማነሱ የተነሳ በወርቅ ቤት ሚዛን የማይያዝ ዓይነት፣ የሚታየውም ቀይ ሆኖ ነው። ናሙናው ንጹሕ ከሆነ አንቲቦዲው ሄዶ መስመሩ ላይ ይለጠፍና ቀይ ይታያል። ናሙናው መርዝ ካለበት አንቲቦዲው አስቀድሞ ተይዟልና መስመሩ ይጠፋል። ሌላዋ መቆጣጠሪያ መስመር ግን ሁልጊዜ ትታያለች። ከኮቪድ ወዲህ ሁሉም ሰው «ሁለት መስመር መጥፎ» ብሎ ስለለመደ፣ እዚህ ላይ ጣጣ አለ። አንድ ሸምገል ያሉ የፋጉሎ ነጋዴ ከጎኔ ቆመው ሲጠብቁ ሁለተኛዋ መስመር ብቅ አለች።

«አለቀልኝ በይኛ ልጄ! ሁለት ሆነ እኮ!»

«ኧረ ጋሼ፣ እሰይ ይበሉ። ይቺኛዋ ብትጠፋ ነበር ጣጣው።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ይኼን ምነው ላዩ ላይ ባትጽፉት?»

ልክ ናቸው። የአማርኛ መመሪያ በሣጥኑ ውስጥ እንዲገባ በውሉ አስገብተን ነበር። የመጀመሪያው የማተሚያ ረቂቅ ሲመጣ ግን ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሣጥን ሆኖ፣ «ሙ» እና «ሜ» ብቻ ተርፈው አገኘነው። ፎንቱን ላክንላቸው፣ አስተካከሉ። አሁን በሁለቱም ቋንቋ መመሪያ አለ፣ የመስመሮቹ ፎቶም አለበት። ጋሼ የጠየቁት ግን ካሴቱ ላይ እንዲጻፍ ነው፤ ለሚቀጥለው ትእዛዝ ጠይቄላቸዋለሁ።

ወደ ማምረቱ ልምጣ። የመጀመሪያው ሎት ያማረ ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት ግን ከረጢቶቹ ሁሉ ተነፍተው፣ አንዳንዱ ሣጥን ክዳኑ አልገጥም ብሎ ቴክኒሻኖቻችን ተበላሸ ብለው ደነገጡ። ተበላሽቶ አይደለም። ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ ታሽጎ 2,300 ሜትር ላይ ያለ ከተማ ሲገባ፣ በውስጡ የታሸገው አየር ያብጣል። ፍራቻው እሽጉ ከተላቀቀ እርጥበት ይገባል፣ ሜምብሬኑም እርጥበት አይወድም የሚል ነው። እንዳጋጣሚ አልተላቀቀም፤ የእርጥበት መምጠጫዋ ከረጢትም ደረቅ ነበረች። ሲታሸግ አየሩ እንዲቀነስ ነገርናቸው፣ በሚቀጥለው አስተካከሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራቸው አይኮሩም፤ ይኼን እወድላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ሎት ግን ሌላ ታሪክ ነው። መቆጣጠሪያዋ መስመር ደማቅ፣ መመርመሪያዋ ግን በንጹሕ ፋጉሎ እንኳ ደብዘዝ ያለች ሆነች። የንጹሑ መስመር ከደበዘዘ ደህናውን ፋጉሎ መርዝ አለበት እንላለን፣ ነጋዴ እናከስራለን። ከመጀመሪያው ሎት ያስቀረናቸውን ስትሪፖች አውጥተን ጎን ለጎን ሠራን፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ፎቶውን ላክን። መልሱ እንደ ወትሮው ሳይሆን ዘግይቶ መጣ፦ ሜምብሬን የሚያቀርብላቸውን ለውጠዋል። ሳይነግሩን! ሎቱን በነጻ ተኩልን፣ የአውሮፕላን ጭነቱንና የትራንዚተሩን ግን እኛ ቻልን። ውሉ ስለ ጭነት አንድም ቃል የለውም።

ስለዚህ ውሉን እናውራ። አይኤስኦ 13485 የሚባለው የሕክምና መሣሪያ ጥራት አያያዝ የምስክር ወረቀት አላቸው፣ ያኮራቸዋልም። ወረቀቱን ስትቀበሉ በምን ሥራ ላይ የተሰጠ እንደሆነ አንብቡ፤ ለማምረት ነው ወይስ ለንድፍም? ለየትኛው ሕንፃ? ከዚያ የጥሬ ዕቃ ለውጥ ሲኖር አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ይሁን፤ እኛ ከሁለተኛው ሎት በኋላ አስገብተናል። ከእያንዳንዱ ሎት ጥቂቱ እናንተም ጋ እነሱም ጋ ይቀመጥ። አንቲቦዲው የእነሱ ነው፣ ቀመሩና ናሙናው ላይ የተሠራው ሥራ ግን የእኛ መሆኑ ተጽፏል፤ ይህን ለማስጻፍ ጠበቃችን ከገንዘቡ በላይ ተከራክራለች። አንቲቦዲውን ማምረት ካቆሙ ደግሞ አስቀድመው ነግረውን የመጨረሻ ግዢ እንድንፈጽም የሚል አንቀጽ አለን። ይህ ከሌላችሁ አንድ ቀን «ይቅርታ፣ አቁመነዋል» የሚል ኢሜይል ይደርሳችሁና ሥራችሁ ይቆማል።

ዋጋው ከዝግጁ ስትሪፕ ይበልጣል፣ ግን አይጋነንም። የከበደው ብሩ ነው። ፕሮፎርማው ሲመጣ ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። የልማቱን ክፍያ በየምዕራፉ መክፈላችን በአንድ በኩል ጠቅሞናል፣ ሥራው ካላማረ ማቆም ይቻላልና። በሌላ በኩል የመጨረሻው ምዕራፍ ከታሰበው በእጥፍ በሚጠጋ ብር ተከፈለ። አነስተኛው የትእዛዝ መጠን ደግሞ ለእኛ ዓይነት ትንሽ ቤት ብዙ ነው። ከሌላ ላቦራቶሪ ጋር ተጋርታችሁ ብታዙ ይሻላል፤ ቀኑ ሳያልፍበት እንድትጨርሱት።

ለሰው ሕክምና የሚሆን ኪት ለማሠራት ላሰበ ሰው ይህ ሁሉ አይበቃም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ አለ፤ ገበያ ላይ የተመዘገበ ካለ እሱን ግዙ። ማሠራት የሚያዋጣው እንደ ኑግ ያለ፣ ፈረንጅ ትዝ የማይለው ነገር ሲገጥማችሁ ነው።

አሁን መስመሩን በካሜራ የሚያነብ መሣሪያ ግዙን እያሉ በየኢሜይሉ ይጎተጉቱናል። አዎ ወይም አይ ለሚል ስትሪፕ ዓይን ይበቃል ብዬ እምቢ ብያቸው ነበር። ሱሉልታ ያሉት ወተት ሰብሳቢዎች ግን ውጤቱ ታትሞ እንዲሰጣቸው እየጠየቁ ነው፤ ነጋዴ «ዓይንሽ ነው የሳተው» ሲል የሚያሳዩት ወረቀት ፈልገው። ዋጋውን ከሚቀጥለው ፕሮፎርማ ጋር፣ ጭነቱን ጨምራችሁ፣ ላኩልኝ ብያለሁ።