ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይስ ቀይ? የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ንጽጽር

የሸክላ ማጫወቻዎ ድምፅ ከሻከረ ማሽኑን ከመለወጥዎ በፊት መርፌውን ይለውጡ። እዚህ የምናነጻጽረው የኦዲዮ ቴክኒካን ቪኤም95 ነው። ካርትሪጁ (ክንዱ ጫፍ ላይ ታስሮ መርፌውን የሚይዘው ክፍል) አንድ ሆኖ ስድስት ዓይነት መርፌ ስለሚቀበል ዛሬ ርካሹን፣ ሲመችዎ ደግሞ የተሻለውን መሰካት ይችላሉ።

መጀመሪያ ግን ክንዱን ይዩ። ከኋላው የሚዞር ክብደት፣ ከፊቱ በ12.7 ሚሊሜትር የተራራቁ ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ከሌሉት ቪኤም95 አይገጥመውም። እንደ ሻንጣ የሚታጠፉት ርካሽ ማጫወቻዎች ይህ የላቸውም፤ ለእነሱ ያለው አማራጭ የራሳቸውን መርፌ መተካት ብቻ ነው።

ሰማያዊው፣ ሲ የሚባለው፣ ጫፉ ክብ ነው፤ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ዕድሜው 500 ሰዓት ያህል። ድክመቱ የሚሰማው ሸክላው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ነው። እዚያ ዙሩ ስለሚያጥር ድምፁ ተጨምቆ ይቀመጣል፤ ክቡ ጫፍ ደቃቁን ጥምዝ መከተል ያቅተውና «ስ» እና «ሽ» ይፋጫሉ።

አረንጓዴው፣ ኢ፣ ሞላላ ነው፤ ጎኑ ስለቀጠነ ጥምዙን ይከተላል። ነገር ግን ዕድሜው 300 ሰዓት ነው። በቀን አንድ ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው አሥር ወር መሆኑ ነው።

ቀዩ፣ ኤምኤል፣ ጠርዙ እጅግ ቀጭን ሆኖ የተቀረጸ ስለሆነ እያለቀም ቅርጹን ይይዛል፤ 1000 ሰዓት ይሄዳል። ዋጋው ከአረንጓዴው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ሆኖም ሦስት አረንጓዴ ተደምሮ 900 ሰዓት ነውና በየቀኑ ለሚያጫውት ሰው ከአረንጓዴው ይልቅ ርካሹ ቀዩ ነው። አንድ ነገር ግን ይጠይቃል፦ ካርትሪጁ ጠምዘዝ ብሎ ከታሰረ ጥቅሙ ይጠፋል፤ በማስተካከያ ካርቶን (መርፌው የሚያርፍባቸው ሁለት ነጥቦች የታተሙበት) ሁለቱም ነጥቦች ላይ ቀጥ ማለቱን ያረጋግጡ።

በ1960ዎቹ በአምሃ ሪከርድስና በካይፋ ሪከርድስ የወጡትን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ለሚያጫውት ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። በጊዜው ክብ መርፌ ያጫወታቸው ሸክላዎች የቦያቸው (መርፌው የሚሄድበት ጠባብ መስመር) ግድግዳ የተበላው መርፌው ይነካው በነበረው ቦታ ነው። ቀዩ ሌላ ቦታ ስለሚነካ ብዙ ጊዜ ያልተነካ ድምፅ ያወጣል። ሸክላው ካልታጠበ ግን ቦዩ ውስጥ የተቀመጠውን ቆሻሻ ሁሉ ያሰማል። ግድግዳው ራሱ ለተቦጨቀ ሸክላ ሰማያዊው ይሻላል፤ ጩኸቱን ያለሰልሰዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስብስብ ላለው ምክራችን አንድ ካርትሪጅና ሁለት መርፌ፣ ቀይና ሰማያዊ፣ እንዲገዛ ነው።

መለወጡ ደቂቃ አይፈጅም። ማሽኑን ያጥፉ፣ ክንዱን ማረፊያው ላይ ይቆልፉ። በአንድ እጅ ካርትሪጁን ደግፈው የመርፌውን ፕላስቲክ ወደ ታች አዘንብለው ወደ ፊት ይሳቡ። አዲሱን በዚያው አቅጣጫ አስገብተው ቀጭ እስኪል ወደ ላይ ይግፉት። ጫፏን የያዘችውን ቀጭን ዘንግ በጣት አይንኩ፤ ከተጣመመች አትቃናም።

ከዚያ አንቲስኬቱን (ክንዱ ወደ ሸክላው መሃል እንዳይሳብ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ዜሮ አድርገው ክንዱ አየር ላይ አግድም እስኪንሳፈፍ የኋላውን ክብደት ያዙሩ፤ ቁጥሩን ዜሮ ላይ አምጥተው ክብደቱን ከነቁጥሩ ወደ 2 ግራም፣ አንቲስኬቱንም ወደ 2 ይውሰዱ። የተፈቀደው ከ1.8 እስከ 2.2 ግራም ነው። «ሸክላውን እንዳይጎዳ» ብሎ ማቅለል ስህተት ነው፤ መርፌው ቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን የሚያቆስለው ያኔ ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ይጥረጉ።

እንደ ተሰማ እሸቴ የጀርመን ቅጂዎች ላሉት ባለ 78 ዙር ሸክላዎች ከሦስቱ አንዱም አይሆንም። ቦያቸው ሰፊ ስለሆነ ቀጭኑ ጫፍ ወለሉ ላይ ይፋጫል፤ የሚፈልጉት ከስድስቱ አንዱን፣ ጫፉ 76 ማይክሮን የሆነውን የኤስፒ መርፌ ነው። ሲያጸዷቸውም አልኮል አይጠቀሙ፤ የተሠሩበትን ሼላክ ያሟሟል።