ትንሽ ትራክተር ለመግዛት፦ ፎር ዊሉ ወይስ ቱ ዊሉ?

ቤታቸው ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ፣ መሬታቸው ደግሞ አድአ፣ ሆለታ ወይም ሱሉልታ የሆነ ሰዎች ከ25 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ሊገዙ ሲነሱ ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ አራቱንም ጎማ ለሚነዳው ለፎር ዊሉ የሚጨመረው ብር ያዋጣል ወይ? መሬቱ ጥቁር አፈር ወይም ተዳፋት ከሆነ፣ አለዚያም ከፊት ሎደር (ጭነት የሚያነሳ ባልዲ) የሚገጠምለት ከሆነ ያዋጣል። ሜዳና ደረቅ ቀይ አፈር ብቻ ለሚያርስ ሰው የኋላ ጎማዎቹን ብቻ የሚነዳው ቱ ዊሉ ይበቃዋል፤ የተረፈው ብር ማረሻ ይግዛበት።

አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው ሁለት ትራክተሮች ሲወዳደሩ ፎር ዊሉ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወደዳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የቆየ ፕሮፎርማ ይዞ ዋጋ ማወዳደር ከንቱ ነው። የሁለቱንም ፕሮፎርማ ከአንድ ሻጭ፣ በአንድ ቀን አውጡ። ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተቱን እዩ። ከዚያ ልዩነቱን ብቻ አስሉ፤ ከ20 በመቶ በእጅጉ ካለፈ ሌላ ሻጭ ጠይቁ። ቀብድ ሳትከፍሉ የፊት ጎማውንም ዋጋ አጣሩ። የቱ ዊሉ የፊት ጎማ ብዙ ጊዜ 6.00-16 ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። የፎር ዊሉ ግን ትልቅና ጥርሳም ነው፤ ገበያ ላይ ከሌለ ትራክተሩ ይቆማል።

ቱ ዊሉን በርካሽ ማጠናከር ይቻላል። 13.6-28 የሆነ የኋላ ጎማ ሦስት አራተኛው በውሃ ሲሞላ ወደ 200 ሊትር ይይዛል፤ ሁለቱ ጎማዎች 400 ኪሎ ያህል ይጨምራሉ ማለት ነው። ቫልቩን ወደ ላይ አዙሮ፣ ውሃው ቫልቩ ጋ እስኪደርስ መሙላት ነው፤ ቀሪውን ነፋስ ይሞላዋል። ለደረቅ እርሻ ይህና ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል የሚያዞረው የዲፈረንሻል መቆለፊያ በቂ ናቸው። በሐምሌ የአድአ መሬት ለጤፍ ሲለሰልስ ግን ክብደቱ ራሱ ጠላት ይሆናል። የኋላው ጎማ ባለበት እየዞረ ይቆፍራል፣ ይሰምጣል፣ አፈሩንም ይጠቀጥቃል። የፎር ዊል ጥቅም የሚታየው እዚህ ነው፤ የፊቱም ጎማ ስለሚጎትት መንሸራተቱ ይቀንሳል፣ ናፍጣውም በከንቱ አይቃጠልም።

ሎደር ሲጫን ክብደቱ ወደ ፊት ሄዶ የኋላው ጎማ ስለሚቀል፣ ያኔም ፎር ዊሉ በማንሻው ይግባ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበው ቁልቁለት ነው። የአብዛኞቹ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ብቻ ነው። ፎር ዊሉ ሲገባ የፊቱም አብሮ ይይዛል። ተጎታች ጭናችሁ ከመውረዳችሁ በፊት፣ ገና አናቱ ላይ ሳላችሁ አስገቡት፤ በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ክላች አትርገጡ። ተዳፋት መሬት ላለው ሰው ለዚህ ብቻ እንኳ ልዩነቱን ቢከፍል አይቆጨውም።

ሜዳ በሆነ አስፋልትና ደረቅ ጠንካራ መሬት ላይ ግን ይውጣ። የፊት ጎማዎች ሆን ተብሎ ከኋላዎቹ ከ1 እስከ 5 በመቶ ፈጥነው እንዲሄዱ ተደርገው ነው የተሠሩት። ለስላሳ አፈር ላይ ይህ ብልጫ በመንሸራተት ይተናል። አስፋልት ላይ መውጫ ስለሌለው የማርሽ ጥርሱን፣ የዘንጉን መገጣጠሚያ ክሮቼራና ጎማውን ይበላል። ማንሻው አልወጣ ካለ በጉልበት አትሳቡት፤ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ስትሄዱ ይለቃል።

ያገለገለ ፎር ዊል ላይ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ባልተመጣጠነ ጎማ ነው። የቀድሞው ባለቤት ያገኘውን መጠን ገጥሞበት ከሆነ የፊቱ ዲፈረንሻል እየተሰቃየ ነው የኖረው። መፈተሻው ጠመኔ ብቻ ይፈልጋል። የጎማዎቹን ነፋስ አስተካክሉ፣ በአንድ የፊትና በአንድ የኋላ ጎማ ላይ ምልክት አድርጉ። ፎር ዊሉን አውጥታችሁ ጠንካራ መሬት ላይ ቀጥ ብላችሁ ንዱ፤ የኋላው 10 ጊዜ ሲዞር የፊቱ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ከዚያ ፎር ዊሉን አስገብታችሁ ልቅ ጠጠር ላይ ድገሙት። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው አካፍሉ። 17 ለ16.5 ከሆነ 1.03 ይመጣል፤ ጤናማ ነው። ከ1 በታች ከወረደ ወይም ከ1.05 በእጅጉ ካለፈ የአዲስ ጎማ ዋጋ ተቀንሶላችሁ ካልሆነ አትግዙ።

ቀጥሎ የፊቱን አክስል ዘይት አስፈትሹ። ብዙዎቹ ላይ ከኋላው የተለየ ዘይት ስለሆነ ይረሳል። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ የብረት ብናኝ ካብለጨለጨበት ጥርሱ ተበልቷል። ውሃው የሚገባው ብዙውን ጊዜ በጎማው በኩል ባለው ኦይል ሲል (ዘይቱን የሚያሽገው የላስቲክ ቀለበት) ነው፤ ጭቃ ይከማችበታል፣ የተጠመጠመ ሽቦና ገመድም ይቆርጠዋል። ኦይል ሲሉ ራሱ ርካሽ ነው። ኮፒው ግን ቶሎ ይደርቅና ዘይቱ ያለቀበት ኩሽኔታና ጥርስ አብረው ይሄዳሉ። መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የውስጥና የውጭ ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ የከንፈሩን (ዘንጉን የሚነካው የላስቲክ ጠርዝ) ብዛት አመሳክሩ። ከንፈሩን በጣት ስትጫኑት ወዲያው የማይመለሰውን ማሸጊያው ምንም ቢያምር አትውሰዱት።