እስከ ስድስተኛው አያት ላደረሱን እናት ምስጋና

ልጄ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ሳትሳሳት ትቆጥራለች። በአባቷ በኩል ግን ሦስተኛው ላይ ትቆም ነበር። ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው፤ የአባቶቹም አገር በሰሜን ዮርክሸር፣ በስዌልዴል ሸለቆ ያለችው ሜልቤክስ የምትባል ታውንሺፕ (በአንድ ሰፊ አጥቢያ ውስጥ ያለች አነስተኛ የአስተዳደር ክልል) ናት።

ያን ክፍተት ለመሙላት ሁለት ዓመት ደከምን። መጀመሪያ የዘር ሐረግ አወጣለሁ ያለ ሰው ገንዘባችንን ተቀብሎ የሌላ ቤተሰብ ሐረግ አስረከበን፤ ስንጠይቀውም መልስ ነሳን። ቀጥሎ የሄድንበት ቢሮ ጥያቄያችንን እንኳ በቅጡ ሳይሰማ «የዚያ ቦታ የክርስትና መዝገብ በዚያ ዘመን የለም» ብሎ ሸኘን። ልጄ በመንገድ ላይ «ታዲያ የአባዬ ሰዎች አልነበሩም ማለት ነው?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ሪዝ መንደር በሚገኘው የስዌልዴል ሙዚየም በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉትን እናት ያገኘናቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሜልቤክስ እስከ 1840 እ.ኤ.አ. ገደማ የራሷ ቤተ ክርስቲያን ያልነበራት፣ በሰፊው የግሪንተን አጥቢያ ሥር የምትተዳደር ስለነበረች፣ የሕዝቧ ስም መፈለግ ያለበት በግሪንተን መዝገብ መሆኑን በእርጋታ አስረዱን። በ1841ዱ የሕዝብ ቆጠራም ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ በአምስት በአምስት ወደ ታች እየተጠጋጋ ይጻፍ ስለነበር፣ 25 ተብለው የተመዘገቡት የባለቤቴ የሩቅ አያት 29 ሊሆኑ እንደሚችሉ ነገሩን። ያ ገንዘብ የተቀበለ ሰው የሳተው እዚህ ላይ ነበር። የቀረውን የመዝገብ አሠራር እኔ አልተረዳሁትም፤ እርሳቸው ግን እንደ ገዛ ቤታቸው ያውቁታል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የሚከተለው ነው። የ1812ቱን የክርስትና መዝገብ ቅጂ ከፊታችን ሲያስቀምጡ ጽሕፈቱ ለእኛ ፈጽሞ የሚነበብ አልነበረም። እርሳቸው ሌሎቹን መስመሮች በነጭ ወረቀት ሸፈኑ፤ የልጄን ጣት ይዘው ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር እያስኬዱ «አንቺ ነሽ ማንበብ ያለብሽ፣ አያትሽ ናቸው» አሏት። ልጄም ስሙን ፊደል በፊደል ራሷ አነበበችው። ከስሙ አጠገብ የአባትየው ሥራ «የእርሳስ ማዕድን ቆፋሪ» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቴ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ለድካማቸው ልንከፍላቸው ስንል ፈጽሞ እምቢ አሉ።

የትዳር አጋራችሁ ቤተሰብ ከዚያ ሸለቆ የወጣ ወገኖቼ፣ ገንዘባችሁን ለማታውቁት ሰው ከመስጠታችሁ በፊት እባካችሁ ወደ ሪዝ ሂዱ። ዋናዎቹን የአጥቢያ መዛግብት ማየት የምትሹ ደግሞ ኖርዝአለርተን ወደሚገኘው የሰሜን ዮርክሸር ቤተ መዛግብት ጎራ በሉ። ደግሜ እላለሁ፣ እባካችሁ ሂዱ።

እናታችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጄ ስድስተኛውን አያቷን አሁን በስማቸው ትጠራለች፤ ሰባተኛውን ለመፈለግም በሚቀጥለው የትምህርት ዕረፍት ተመልሰን እንመጣለን።