አሮጌ የግቢ ትራክተር ወይስ አዲስ ማጨጃ? ዊል ሆርስ፣ ከብ ካዴትና ጆን ዲር ሲነጻጸሩ

ከዋሽንግተን ራቅ ብለው ወደ ማናሳስ ወይም ወደ ፍሬድሪክ አካባቢ ቤት የገዙ ብዙ ወገኖቻችን ከቤቱ ጋር አንድ ኤከር፣ ማለትም 4,000 ካሬ ሜትር ገደማ ሣር ተረክበዋል። ይህን ሁሉ በእጅ በሚገፋ ማጨጃ ማጨድ የእረፍት ቀንን ሙሉ ይበላል። ስለዚህ ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ መግዛት ግድ ይሆናል፤ ጥያቄውም ያኔ ይመጣል። በትልልቅ መደብሮች ደጃፍ የተደረደረውን አዲሱን ከ2,000 ዶላር በላይ ከፍሎ መውሰድ ይሻላል? ወይስ አንድ አዛውንት በጋራዣቸው ያቆዩትን የአርባና የሃምሳ ዓመት ትራክተር በግማሽ ዋጋ ወይም ከዚያ ባነሰ ገዝቶ ማደስ?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ግቢዎ ከግማሽ ኤከር የማይበልጥ ሜዳ ከሆነና መፍቻ የመጨበጥ ፍላጎት ከሌለዎት አዲሱን ይግዙ፤ አሮጌው ትርፉ ድካም ነው። ግቢዎ ተዳፋት ከሆነ፣ ለጎመንና ለቃሪያ የሚሆን መደብ ማረስ ካሰቡ፣ ክረምት ሲገባ ከመኪና መግቢያው ላይ በረዶ መጥረግ ካለብዎት ግን በወጉ የተያዘ አሮጌ የግቢ ትራክተር ከመደብር አዲሱ ይበልጣል። አሮጌ ማሽን እወዳለሁ፤ ይህን የምለው ግን ስለምወደው ብቻ አይደለም። ልዩነቱ ዝቅ ብሎ ለተመለከተ ሰው በዓይን የሚታይ ነው።

ከኋላ ጎማው ይጀምሩ

ሁለቱም መሪና መቀመጫ አላቸው፤ ሁለቱም ሣር ያጭዳሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ልዩነት የላቸውም። ጎንበስ ብለው የኋላውን ጎማ መሃል ይመልከቱ። ቸርኬው እንደ መኪና በአምስት ብሎን ከታሰረ አብዛኛውን ጊዜ የግቢ ትራክተር ነው፤ ማረሻ እንዲጎትት ታስቦ ተሠርቷል። ቸርኬው ዘንጉ ላይ ተሰክቶ ጫፉ በአንዲት ትንሽ የብረት ቀለበት ብቻ ከተያዘ ግን ማጨጃ ነው። ጋሪ ይጎትት ይሆናል እንጂ መሬት እንዲያርስ አልተሠራም።

ከጎማው አልፎ ያለው ካምቢዮ ደግሞ ከዚህ የባሰ ልዩነት አለው። በብዙ ርካሽ አዳዲስ ማጨጃዎች ላይ የሚገጠመው በዘይት ግፊት የሚሠራ፣ በአሉሚኒየም ቤት የታሸገ ካምቢዮ ነው፤ ከተለመዱት አንዱ ተፍ ቶርክ ኬ46 የሚባለው ነው። ለሜዳ ሣር በቂ ነው። ማርሽ መቀየር የለም፤ ፔዳሉን መርገጥ ብቻ ስለሆነ ለማንም ይመቻል። ነገር ግን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን የለውም። ዘይቱን መቀየር የፈለገ ሰው ካምቢዮውን ከማሽኑ ሥር አውርዶ፣ ገልብጦ ማፍሰስ አለበት። በዳገት ላይ በተደጋጋሚ ሲሠራ ዘይቱ ሞቆ ይቀጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሽኑ ቀዝቃዛ ሳለ የወጣውን ዳገት ሲሞቅ መውጣት ያቅተዋል። ያን ጊዜ ብዙዎች ካምቢዮውን በሙሉ ለመተካት ይገደዳሉ፤ በዚያ ገንዘብ ደግሞ አንድ አሮጌ ትራክተር ሊገዛ ይችላል።

ሦስቱ አሮጌዎች

ዊል ሆርስ የተወለደው በኢንዲያና ግዛት በሳውዝ ቤንድ ከተማ ነው፤ ኩባንያውን በ1986 ቶሮ የሚባለው የማጨጃ አምራች ገዛው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥገናን ገና ለሚማር ሰው የምመርጠው ይህን ነው፤ በተለይ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የወጡትን ስምንት ማርሽ ያላቸውን የ"ሲ" ተከታታይ ሞዴሎች። ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው ኃይል የሚያደርሰው አንድ ቺንጋ ነው። ራሱን የቻለ የፍሪሲዮን ሸራ የለውም፤ ፔዳሉን ሲረግጡ ቺንጋው ይላላል፣ ሲለቁት ይጠብቃል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ማርሾቹ በወፍራም የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ቤት ውስጥ፣ ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ የማርሽ ዘይት ውስጥ ተነክረው ይዞራሉ። ማፍሰሻ ብሎንም አለው።

ድክመቱ ግን መታወቅ አለበት። የማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ከካምቢዮው የሚወጣበት ቀዳዳ በጎማ ይሸፈናል። ጎማው ሲሰነጠቅ ደጅ የቆመ ትራክተር ላይ የሚወርደው ዝናብ በዘንጉ እየተንሸራተተ ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ክረምት ሲገባም በረዶ ሆኖ ማርሾቹን ይይዛል። ስለዚህ ሻጩን አስፈቅደው ማፍሰሻውን ብሎን በጥቂቱ ያላሉት። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ንጹህ ውሃ ከሆነ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ካምቢዮው ለረጅም ጊዜ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። ይህ ሁልጊዜ ሞት አይደለም፤ ደጋግሞ በማጠብና ዘይት በመቀየር የሚድን አለ። ዋጋው ላይ ግን መታየት አለበት። ሁለተኛው ድክመት የኋላ ጎማው የሚታሰርበት እምብርት ነው። ጎማውን በሁለት እጅ ይዘው ወደፊትና ወደ ኋላ ያነቃንቁት። እምብርቱ በዘንጉ ላይ ለብቻው ከተንቀሳቀሰ መቆለፊያው ቁልፍ ተበልቷል። እንዲሁ ከተነዳ ዘንጉን ራሱን ይበላዋል።

ከብ ካዴትን ያመጣው ትልልቅ የእርሻ ትራክተሮችን ይሠራ የነበረው ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ነው። በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ማምረት የጀመረው በ1960 ሲሆን፣ በ1981 ኤም ቲ ዲ ለሚባል የማጨጃ አምራች ተሸጠ። እዚህ የማነጻጽረው ከሽያጩ በፊት የተሠሩትን ነው። የኋላ ካምቢዮው የመጣው ፋርማል ከብ ከሚባለው የእርሻ ትራክተር ነው፤ በጉልበት ከሦስቱ የሚስተካከለው የለም ብዬ አምናለሁ። ከ1963ቱ ሞዴል 70 እና 100 ጀምሮ ከሞተሩ ወደ ጎማ የሚሄደው ኃይል በቺንጋ ሳይሆን በብረት ዘንግ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ማረሻ ሲጎትት የሚንሸራተት ቺንጋ የለም። ብዙ መሬት ለሚያርስ ሰው ይህን እመክራለሁ።

ጉዳቱ ጥገናው ላይ ነው። የማርሽ መቀየሪያ ያላቸው ሞዴሎች እውነተኛ የፍሪሲዮን ሸራ አላቸው፤ ሸራውን ወይም ኩሽኔታውን ለመቀየር ትራክተሩን ብዙ መፈታታት ይጠይቃል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የወጡት ድምፃቸው የተቀነሰ ሞዴሎች ደግሞ ሞተራቸው በጎማ ድጋፎች ላይ የተቀመጠ ነው። ጎማው በዕድሜ ሲበሰብስ ሞተሩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ዘንጉ ከመስመሩ ይወጣል፣ መጋጠሚያውም መበላት ይጀምራል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በእጅዎ ያነቃንቁት፤ እንደ ላላ ጥርስ ከተወዛወዘ ድጋፎቹ አልቀዋል።

ጆን ዲር የመጀመሪያውን የግቢ ትራክተሩን፣ ሞዴል 110ን፣ ያወጣው በ1963 በዊስኮንሰን ግዛት በሆሪኮን ከተማ ነው። ገዢዎች ዛሬ አብዝተው የሚፈልጉት ግን ከ1983 እስከ 1992 የተሠራውን 318 ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 18 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ኦናን የሚባል ኩባንያ የሠራው ሞተር አለው። መሪው በዘይት ግፊት ስለሚታገዝ በአንድ ጣት ይዞራል፤ ማጨጃውም በማንሻ ብቻ ይነሳል። ትከሻቸውን ወይም ወገባቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ከሦስቱ ያለ ጥርጥር የሚስማማው እሱ ነው። ዋጋውም ከሦስቱ ውድ ነው።

318ን ሲያዩ ሐሳብዎ ሁሉ ሞተሩ ላይ ይሁን። ኦናን እነዚህን ሞተሮች መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ አንዳንዱ መለዋወጫ ኪስ ይጎዳል። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የሲሊንደሩ ክንፎች ንጹሕ መሆን አለባቸው። የቆርቆሮ ሽፋኑ ሥር ደረቅ ሣርና የአይጥ ጎጆ ተጠቅጥቆ ከቆየ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ የቫልቭ መቀመጫውም ከቦታው ይላቃል። ሽፋኑ በቅርቡ ተፈትቶ ይጸዳ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የብሎኖቹ ጭንቅላት ራሱ ይመሰክራል። ከ318 በፊት የነበረው 317 ደግሞ ኮለር የሚባል ሌላ ኩባንያ በሠራው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ነው የወጣው። በመጀመሪያው የዚያ ሞተር ዓይነት ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ዘይት የሚያገኘው በግፊት ሳይሆን በመረጨት ስለነበር፣ በተዳፋት ላይ ሲሠራ ክንዱ ይሰበር ነበር። ብዙዎቹ በኋላ ሌላ ሞተር ተገጥሞላቸዋል። 317 በርካሽ ከቀረበልዎ የትኛው ሞተር እንዳለበት ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይቁጠሩ።

የአሮጌዎቹ ልብ፦ የኮለር "ኬ" ሞተር

ዊል ሆርስና ከብ ካዴት፣ የቀደሙት ጆን ዲሮችም ጭምር፣ በአብዛኛው የተጠቀሙት አንድ ዓይነት ሞተር ነው፤ ከጊዛ የተሠራውን ባለ አንድ ሲሊንደር የኮለር "ኬ" ተከታታይ። ኬ181 ስምንት፣ ኬ241 አሥር፣ ኬ301 አሥራ ሁለት፣ ኬ321 አሥራ አራት፣ ኬ341 አሥራ ስድስት የፈረስ ጉልበት አላቸው። ሲሊንደሩ ሲበላ ተሞርዶ ሰፋ ያለ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይገባለታል፤ ፒስተኑና ፋሻው አሁንም በገበያ ላይ ይገኛሉ። ከርካሹ አዲስ ማጨጃ ጋር ሳወዳድረው ልቤ ወደ አሮጌው የሚያደላው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ያ ሞተሩ ሲያልቅ ይጣላል፤ ይህ ይታደሳል።

ብዙ ጊዜ "ሞተሩ ሞቷል" ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው የእሳት፣ ማለትም የካንዴላ ብልጭታ ችግር ያለበት ነው። በ"ኬ" ሞተር እሳቱን የሚያቋርጡት ሁለቱ የብረት ነጥቦች ሞተሩ ጎን ላይ፣ በትንሽ ክዳን ሥር ናቸው፤ በብዙ ሌሎች አሮጌ ሞተሮች ላይ ግን ለእነሱ ሲባል ትልቁን የሞተር መዘውር መንቀል ያስፈልጋል። ክዳኑን ይፍቱ፤ ነጥቦቹ ከጠቆሩ ያጽዷቸው ወይም ይቀይሯቸው፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ ክፍተታቸውን 0.020 ኢንች፣ ማለትም ግማሽ ሚሊሜትር ያድርጉ። የካንዴላው ክፍተት 0.035 ኢንች ይሁን። ይህን አድርገው ሳያዩ ካርቡራተሩን አይንኩ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ዘይቱ የሚዳረሰው በመረጨት ነው፤ ዘይት ከጎደለ ክንዱ ይሰበርና የሞተሩን ጎን ይበሳል። ስለዚህ ከማስነሳትዎ በፊት ሁልጊዜ ዘይቱን ይለኩ። ሌላው፣ ሞተሩ በቀላሉ እንዲነሳ ግፊቱን የሚቀንስ መሣሪያ ስላለው፣ ተራ የግፊት መለኪያ ዝቅተኛ ቁጥር ቢያሳይ ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም። ትክክለኛው ምርመራ አየር በግፊት አስገብቶ የት እንደሚያመልጥ ማዳመጥ ነው። በማርሚታው በኩል ከሆነ ቫልቭ ነው፤ በዘይት መሙያው በኩል ከሆነ ፋሻ ነው።

ማጨጃውና መለዋወጫው

የአሮጌ ትራክተር ዋጋ ርካሽ ሆኖ ሲያገኙት መጀመሪያ የሚጠይቁት "ማጨጃው አብሮት አለ ወይ?" የሚለውን ነው። ምላጮቹ የሚሽከረከሩበት የቆርቆሮ ቤት ከትራክተሩ ቀድሞ ይዝጋል፤ ለብቻው መፈለግም አድካሚ ነው። ሞተሩን ያጥፉ፣ የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ፣ ከዚያ የምላጮቹ ዘንጎች የታሰሩበትን ቦታ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ይጫኑት። ቆርቆሮው ከለመጠጠ ብየዳ ይጠብቀዋል። ጓንት አድርገው ምላጩን ሲያዞሩት ከተንኮሻኮሸ ኩሽኔታው አልቋል፤ ይህ ግን ቀላል ነው፤ ኩሽኔታው ላይ የታተመውን ቁጥር ይዞ መሄድ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በመለዋወጫ ጆን ዲር ይቀድማል፤ ለአሮጌ ሞዴሎቹ ብዙ ዕቃ ዛሬም በወኪሎቹ በኩል በቁጥር ይታዘዛል። የዊል ሆርስ መመሪያዎችን ከቶሮ ማግኘት ይቻላል፤ ዕቃው ደግሞ በአብዛኛው ከተፈታቱ ትራክተሮች ይመጣል። የአሮጌው ከብ ካዴት ዕቃ የሚገኘው በዋናነት ከግል ሻጮች ነው። ለሦስቱም ቢሆን የነዳጁን ጎማ ቱቦ ሳይጠይቁ ይቀይሩት። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው አሥር በመቶ ኢታኖል አለበት፤ አሮጌው ጎማ ይህን አይችልም።

ልጆች ካሉ

እዚህ ላይ አዲሱ ማጨጃ ያሸንፋል፤ በግልጽ መናገር አለብኝ። ከአዲሱ ላይ ምላጩ እየዞረ ቢነሱ ሞተሩ ይጠፋል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከተሠሩት ብዙዎቹ ይህ የላቸውም፤ ነጂው ወርዶ ቢሄድም ምላጩ መዞሩን ይቀጥላል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት አሮጌ ትራክተር የሚገባ ከሆነ ከመጀመሪያው ማጨድ በፊት መቀመጫው ሥር የሚያጠፋ ማብሪያ ያስገጥሙ። ልጅን አቅፎ መንዳት በአሮጌውም በአዲሱም ፈጽሞ አይደረግም። በተዳፋት ላይም ሽቅብና ቁልቁል ይንዱ እንጂ አግድም አይሂዱ።

የግዢው ቀን

ከመሄድዎ በፊት ለሻጩ ደውለው ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ይጠይቁት። ሲደርሱ ማርሚታውን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሲነሳ ለአፍታ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ አያስደነግጥም፤ ሲሞቅም ካላቆመ ግን ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል፤ ይህ በካርቡራተር ማስተካከል ይድናል። ከዚያ ዳገት ካለ ዳገቱን ያስወጡት፣ ማጨጃውን ያስነሱ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ያሠሩት። ያጥፉትና ወዲያው መልሰው ለማስነሳት ይሞክሩ። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረው ሳለ ትኩስ ሞተር እንቢ ካለ ከኮይሉ ወይም ከቫልቩ ችግር አለ። ኮይል ርካሽ ነው፤ ቫልቭ ሥራ ይጠይቃል፤ ሻጩ ዋጋውን ለቫልቩ በሚበቃ መጠን ካልቀነሰ ሌላ ይፈልጉ።